ዳገት ላይ የሚከዳው ፒካፕ

ፒካፑ ሜዳ ላይ ምንም አይለውም። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ፣ እንደ ልቡ ይሄዳል። ጠባዩ የሚለወጠው የደባርቅን መንገድ ሲይዝ ነው። ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ ሽቅብ ሲል፣ በተለይ ከኋላ ጭነት ካለ፣ ድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል። ቢጫዋ የሞተር መብራት ትበራለች። ነዳጅ ብረግጥ፣ ማርሽ ብቀንስ፣ መልስ የለም። ዳር ይዤ አጠፋዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳው ምንም እንዳልተፈጠረ ዳገቱን ይያያዘዋል። እስከሚቀጥለው ዳገት።

ነገሩ የጀመረው ጥምቀት ሰሞን ነው። ያኔ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ማደያው ሰልፍ ነው። ናፍጣ ግን በጀሪካን መንገድ ዳር አይጠፋም፤ ዋጋውን አትጠይቁኝ። እኔ ከዳባት ገብስና ድንች እያመላለስኩ ነው የምኖረው። ዳገት የማይወጣ መኪና ምን ያደርግልኛል?

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰኩለት። ኮዱ ፒ0087 ሆነ። ለሞተሩ የሚላከው ነዳጅ ግፊት ከሚፈለገው በታች ነው ማለት ነው። ልጁ ስክሪኑን አየት አደረገና «የናፍጣ ፖምፓው ሞቷል» አለኝ። ዋጋውን ሲጠራው ጆሮዬ ጭው አለ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን አልዋጥልህ አለኝ። የሞተ ፖምፓ እንዴት ሜዳ ላይ ደህና ይሠራል?

መኪናው ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ነው። ኮመን ሬይል የሚባለው ዓይነት። ፖምፓው ናፍጣውን ጨምቆ ሬይል ወደሚሉት ወፍራም ቧንቧ ይልካል፤ አራቱ ኢንጄክተሮች የሚቀዱት ከዚያ ነው። መቼና ምን ያህል እንደሚረጩ የሚያዛቸው ኮምፒውተሩ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲዞር ሬይሉ ውስጥ 300 ባር ገደማ ግፊት አለ። ዳገት ሲጎትት ከ1,000 ባር ያልፋል። ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ከምናምን እንደሆነ ካሰባችሁ ጉዱ ይገባችኋል። ለዚህ ነው፣ በድሮዎቹ ሞተሮች እንደለመድነው ሞተሩ እየሠራ ቧንቧ አላልቶ «ናፍጣ ይመጣል ወይ?» ብሎ ማየት እዚህ ላይ የማይቻለው። በዚያ ግፊት የሚፈናጠር ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳዋ ከመርፌ አትበልጥም፣ ጣጣው ግን እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። እጄን ከዚያ አካባቢ አራቅሁ።

ኮዱስ ምን አለ? «ቤቱ እንጀራ አጣ» ነው ያለው። እህሉ ከጎተራ አልወጣም? ወፍጮው ደክሟል? ወይስ የተጋገረው በጓሮ በር እየወጣ ነው? ይኼን አይናገርም። ናፍጣው ከሰልባትዮ፣ ከነዳጅ ታንኩ፣ ተነስቶ በፊልትሮ፣ በማጣሪያው፣ በኩል ፖምፓው ጋ ካልደረሰ ግፊት የለም። ፖምፓው ራሱ ወይም መጠኑን የምትቆጣጠርለት ቫልቭ ከደከመች ግፊት የለም። ኢንጄክተሮቹ ወደ መመለሻው፣ ትርፉ ናፍጣ ወደ ሰልባትዮ ወደሚመለስበት ቧንቧ፣ ካፈሰሱ ወይም ሬይሉ ጫፍ ያለችው የደህንነት ቫልቭ ካልገጠመች፣ ፖምፓው ቢለፋም ግፊት የለም። ሁሉም አንድ ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ፖምፓ ፖምፓ ይላል? እኔ እንደሚመስለኝ ውድ ስለሆነ ነው። ብዙ ያስጨነቀን ነገር በብዙ ብር ካልሆነ የሚድን አይመስለንም። ጋራዡም ይኼን ያውቃል።

በነጋታው በአዘዞ መንገድ ላይ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ፖምፓው ሞቷል ብለውኛል።»

«ማን ገነዘው?» አሉኝ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ከዚያ ኮፈን ሳይከፍቱ ጥያቄ ጀመሩ። ጠዋት እንዴት ነው የሚነሳው? በአንድ ቁልፍ። ሲደክም ጥቁር ጭስ አለው? የለውም። አጥፍተህ ስታስነሳው ይሻለዋል? አዎ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ እንዳስረዱኝ፣ መስመሩ አየር የሚስብ ቢሆን ሌሊት ናፍጣው ወደ ኋላ ይመለስና ጠዋት ሞተሪኖው፣ ማስነሻው፣ ሲለፋ ይውል ነበር። ኢንጄክተሮቹ ክፉኛ ቢያፈስሱም እንዲሁ፤ ሬይሉ ግፊት እስኪይዝ ሞተሩ አይነሳም። ጥቁር ጭስ ቢኖር ደግሞ ጥርጣሬው ወደ አየሩ፣ ወደ ቱርቦውና ወደ ቱቦዎቹ ይዞር ነበር። ከፍታው ነው የሚሉኝም አልጠፉም። እውነት ነው፣ ጎንደር ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮሶዬ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፣ አየሩ ይሳሳል። ግን መኪና አጥፍቶ ማስነሳት ከፍታውን አይቀንሰውም።

ድንቹን እንደጫንን ወጣን። ረዳታቸው መመርመሪያውን ይዞ ጎኔ፣ እሳቸው ከኋላ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር ነው የምናየው፦ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና ሬይሉ ውስጥ ያለው። ሜዳ ላይ ሁለቱ ተከታትለው ይወጣሉ፣ ተከታትለው ይወርዳሉ። ዳገቱን ስንጀምርም ትንሽ አብረው ሄዱ። ከዚያ የተጠየቀው 1,200 አካባቢ ሆኖ ሳለ ያለው መንሸራተት ጀመረ። 1,000፣ 900፣ 700። መብራቷ በራች፣ መኪናው ተንፏቀቀ።

ዳር እንደያዝኩ ጋሼ ቶሎ ወረዱና ኮፈኑን ከፈቱ። ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ እየተጫኑ ናፍጣ የሚስቡባት ትንሽ ፖምፓ አለች። ሁልጊዜ ወደ ላይ ተነስታ የምትቆም ናት። አሁን ግን ወደ ታች ተመጥጣ ቀርታለች። ጣታቸውን አስጠግተው አሳዩኝ።

«አየህ? ሞተ የተባለው እኮ እየሳበ ነው። የሚመጣለት አጣ እንጂ።»

ሞተሩ ጠፍቶ ቆመን ስናያት ቀስ እያለች ወደ ላይ ተመለሰች። እኔ ያመንኩት ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ ካለው ሁሉ ይልቅ ያቺ ፕላስቲክ ነገረችኝ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ማጣራት ብቻ ነበር። ጋሼ ግን ችኩል አይደሉም። ጋራዥ ስንመለስ ከአራቱም ኢንጄክተሮች መመለሻ ላይ ትንንሽ ጠርሙስ አሰሩና ሞተሩን አስነሱ። ሁሉም ተቀራራቢ ሞሉ። ጓሮ በሩ ደህና ነው። ቀጥሎ ንጹህ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከኋላ መጫኛው ላይ ጠፍረው አሰሩ። ከዚያ በግልጽ ቱቦ ፊልትሮው መግቢያ ላይ አገናኙት፣ መመለሻውንም እዚያው ጀሪካን ውስጥ ከተቱት። የመኪናው ሰልባትዮ ከጨዋታ ውጪ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ፊልትሮ፣ በዚያው ፖምፓ፣ በዚያው ጭነት ኮሶዬ ድረስ ወጣን። ቁጥሮቹ አልተለያዩም። በግልጹ ቱቦ የሚያልፈው ናፍጣም አረፋ የለውም።

ፖምፓውም ፊልትሮውም በአንድ ጉዞ ነጻ ወጡ። ቀረ ሰልባትዮው።

ናፍጣው ተቀዳ፣ ሰልባትዮው ወረደ። ነዳጅ የምትስበዋ ቱቦ ጫፍ ላይ ወንፊት አለች። ወንፊቷ ራሷ ብዙም አልቆሸሸችም፤ ትንሽ ቡናማ ዝቃጭ ነበራት። ረዳቱ የሰልባትዮውን ሆድ በባትሪ ሲያይ ግን አንድ ነገር አወጣ። የጥቁር ፌስታል ቁራጭ፣ የመዳፍ ግማሽ የሚያክል፣ ናፍጣ ጠጥቶ የለሰለሰ።

ናፍጣ በጀሪካን የሚሸጡ ሰዎች እንዳያንጠባጥብባቸው ክዳኑ ሥር ፌስታል አድርገው ያጠብቁታል። ክዳኑ ሲከፈት ፌስታሉ ይቀደዳል፣ ቁራጩ ከናፍጣው ጋር ይወርዳል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ስበቱ ትንሽ ስለሆነ ቁራጩ ሰልባትዮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ይኖራል። ዳገት ላይ ሲሆን ስበቱ ይበረታል፣ ፌስታሉ ተጎትቶ ወንፊቷ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ስበቱ ይቀራል፣ ቁራጩም ይለቃል። ያ ሁሉ ጠባይ፣ እየደከመ እየዳነ ያሰለቸኝ፣ የዚህ ቁራጭ ሥራ ነው።

ከታች የተቀዳውን ናፍጣ ጋሼ በውሃ ጠርሙስ ሞልተው አቆሙት። ትንሽ ቆይቶ ሥሩ ላይ ውሃ ለየ። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፣ ስለዚህ ውሃው ሁልጊዜ ታች ነው፤ መሳቢያዋ ቱቦም ታች ነች። እኔን ከፌስታሉ በላይ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ሌላ ዘይት የለም፣ ናፍጣው ራሱ ነው። ፌስታል ያቆምሃል፣ ውሃ ግን ውስጡን እየበላ ያስኬድሃል። እንዲህ ቢቀጥል የልጁ ትንቢት መፈጸሙ አይቀርም ነበር።

ሰልባትዮው ታጥቦ ተገጠመ። ፊልትሮውም ደህና ቢሆን ተቀየረ፤ ውሃ ያየ ፊልትሮ አይታመንም አሉ። በእጅ ፖምፓዋ እስክትጠነክር ድረስ አየሩን አስወጡ። የጠየቁኝ ብር ከፖምፓው ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ጨምሬ ስሰጣቸው ተቆጡኝ። የመጀመሪያው ጋራዥ ልጅ ከዚያ በኋላ ደውሎ «ፖምፓው ተገኝቷል፣ መቼ ትመጣለህ?» አለኝ። ተርፏል አልኩት። የገባው አልመሰለኝም።

ጀሪካን አሁንም እገዛለሁ፣ ሰልፉ ካልለቀቀ ምን ይደረጋል? ግን ሌሊቱን ሳላንቀሳቅስ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት በቀጭን የሽቦ ወንፊት አጥልዬ እቀዳለሁ፣ ታች የቀረውን አልነካም። እሱን ጋሼ ይወስዱታል፣ ዕቃ ያጥቡበታል።