ውሃ ያለቀበት ማራቶን፣ ሚዛኔ እና በሶ

ባለፈው እሁድ ማራቶን በ4 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ጨረስኩ። ለብዙዎቻችሁ ይህ ተራ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ከስድስት ወር በፊት በሌላ ከተማ ከሮጥኩት ማራቶን በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ የተሻለ ነው፤ በዚያም ላይ የመጨረሻዎቹን አሥር ኪሎ ሜትሮች የሮጥኩት በ26 ዲግሪ ሙቀት ነው። ያኛውን ውድድር በጨረስኩበት ቀን ዳግመኛ ማራቶን እንደማልሮጥ ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር። ሐሳቤን ምን እንዳስቀየረኝ፣ በተለይ ሙቀት ለምትፈሩት፣ በዝርዝር ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ሩጫ የጀመርኩት ከአምስት ዓመት በፊት ክብደት ለመቀነስ ነው። ከአምስት ኪሎ ሜትር ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ ግማሽ ማራቶን ያደግኩበትን መንገድ ሁላችሁም አልፋችሁበታልና አልደግመውም። የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ረጅሙን ሩጫዬን የማደርገው የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደ ማውንት ቨርነን በሚወስደው መንገድ ነው። ለሚያዝያው ውድድር የተዘጋጀሁት በብርዱ ወራት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምሮጠው ጓንት አድርጌ ነበር። የዝግጅቱ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማለዳ ከሥራ በፊት ሮጬ፣ እህልም ውሃም ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ጾሙን አልወቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውነቴ ጥማትን እየለመደ፣ በትንሽ ውሃ ብዙ መሄድን እየተማረ ነው ብዬ አምኜ፣ እንዲያውም ለጓደኞቼ እንደ ብልሃት አወራው ነበር። ሰውነት ግን ውሃ ማጣትን አይለምድም። ሙቀትን ይለምዳል፤ ሲለምድም ቶሎ ቶሎና በብዛት ስለሚያልበው፣ የሚፈልገው ውሃ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ውድድሩ የዋለው ሆሳዕና አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ 19 ዲግሪ የነበረው ሙቀት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ 30 ደረሰ። በወረቀቱ ላይ በየ3 ኪሎ ሜትሩ የውሃ ጣቢያ እንዳለ ተጽፏል፤ እስከ 18ኛው ኪሎ ሜትርም እንደተባለው ነበር። 21ኛው ላይ ስደርስ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ናቸው። ሁለት ወጣት በጎ ፈቃደኞች አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጀሪካን ይዘው፣ ኩባያ ስላለቀባቸው በቀጥታ ወደ ሯጮች መዳፍ ያፈሳሉ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሳልጠጣ አለፍኩ። 24ኛው ላይ ውሃውም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሯጮች ጎንበስ እያሉ መሬት ላይ የወደቁ ጠርሙሶችን ሲያነሱ፣ ቀሪ ጠብታ እንዳለ ለማየት ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉ አየሁ። እኔም አነሳሁ። 28ኛው አካባቢ አንዲት አሮጊት የአትክልት ማጠጫ ጎማ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ጎትተው አንዱን ሯጭ ሲያጠጡ፣ ሌላውን ራሱ ላይ ሲያፈሱለት ነበር። ለዚያች ሴት አሁንም ከልቤ እጸልያለሁ።

31ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ እያለች፣ ብርድ ብርድ አለኝ። የክንዴ ፀጉር ቆሞ፣ ቆዳዬ እንደ ተነጨ ዶሮ ሆኖ አየሁት። በሙቀት መካከል የሚመጣ ብርድ የአደጋ ምልክት መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር፤ እናንተ ግን ዛሬ እወቁት። እንዲህ ሲሆን ቁሙ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ሰው ጥሩ። አብሯችሁ የሚሮጥ ሰው መንገድ ስቶ ሲወላገድ ወይም ጥያቄ ጠይቃችሁት ያልተያያዘ መልስ ሲሰጣችሁ ደግሞ አምቡላንስ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። በበረዶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በተገኘው ነገር መላ ሰውነቱን አቀዝቅዙት። በሙቀት ለተመታ ሰው ማቀዝቀዙ ከማጓጓዙ ይቀድማል።

የቀረውን ኪሎ ሜትር በእግሬ ተራምጄ ጨረስኩ፤ ከዚያም ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። መጨረሻው መስመር ላይ ውሃ እንደልብ ስለነበር በሩብ ሰዓት ውስጥ አራት ጠርሙስ ጠጣሁ። ሁሉንም አስመለሰኝ፣ ራሴን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ያዘኝ፤ እዚያ የነበረች ነርስ ውሃውን ከእጄ ወስዳ ጨዋማ ብስኩት ሰጠችኝ። ጨው በላብ ከወጣ በኋላ ባዶ ውሃ በብዛት ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ሲከፋም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶንን ከሮጡት መካከል በ488 ሰዎች ላይ በተደረገና በ2005 በታተመ ጥናት፣ 13 በመቶው የሶዲየም መጠናቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ሳይጠማችሁ በፊት የቻላችሁትን ያህል ጠጡ» የሚለውን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። «ጎበዝ ሯጭ ውሃ አይሸከምም» የሚሉትንም እንዲሁ።

ታዲያ ስንት ይጠጣ? በጋውን በሙሉ የታገልኩት ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው፤ መልሱን ያገኘሁትም የመታጠቢያ ክፍላችን ውስጥ አቧራ ከጠጣ ሚዛን ላይ ነው። ሰዓቴም ጫማዬም ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸዋል፤ እንደዚህ ሚዛን የጠቀመኝ ግን የለም። አሠራሩ ቀላል ነው። ሽንት ቤት ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ትመዘናላችሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ በውድድር ፍጥነታችሁ ትሮጣላችሁ፤ የጠጣችሁትን ውሃ ልካችሁ ትመዘግባላችሁ። ስትመለሱ ላባችሁን በፎጣ አድርቃችሁ፣ አሁንም ያለ ልብስ ትመዘናላችሁ። የጠፋው ክብደት ላይ የጠጣችሁትን ስትደምሩ የሰዓቱ ላባችሁ ይወጣል፤ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ፣ 29 ዲግሪ ላይ፣ ስወጣ 71.6 ኪሎ፣ ስመለስ 70.2 ሆንኩ፤ የጠጣሁት 0.4 ሊትር ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 1.8 ሊትር አልቦኛል ማለት ነው። ቁጥሩን ሳላምን በሚቀጥለው ቅዳሜ ደገምኩት፤ ያው ነው። በግንቦት፣ 14 ዲግሪ ላይ ለሙከራ ስለካ ግን 0.9 ሊትር ብቻ ነበር። የአየሩ ጠባይ ብቻ ላቤን እጥፍ አድርጎታል።

ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ የሚያዝያውን ውድድር መልሼ አሰላሁት። በየ3 ኪሎ ሜትሩ ጣቢያ ቢኖር 13 ጣቢያዎች ናቸው። እየሮጥኩ ከአንድ የወረቀት ኩባያ የምጠጣው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሌላው አገጬና ደረቴ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ አንድም ጣቢያ ባዶ ባይሆን ኖሮ እንኳ የማገኘው 1.3 ሊትር ነበር፤ በዚያ ሙቀት በያዝኩት ፍጥነት ላቤ ደግሞ ከ6 ሊትር ያልፋል። ይህን ስሌት ከሠራሁ በኋላ ለብዙ ቀን ዝም አልኩ። አዘጋጆቹ በድለውናል፤ ውሃ የሚያልቅበት ማራቶን ጨርሶ መካሄድ የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ስንት ሰው እንደሚሮጥ እያወቁ፣ የአየር ትንበያው ከቀናት በፊት ተነግሮ ሳለ፣ ኩባያ ቆጥሮ አለማዘጋጀት ይቅር የሚባል ቸልተኝነት አይደለም። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ሁሉ ሞልተው ቢሆንም እኔ መውደቄ አይቀርም ነበር። በ18 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያገኘሁትን ውሃ እንኳ ጨርሼ አልጠጣሁም፤ ምክንያቱም ሁለት ጣቢያዎችን «ገና ነው» ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

1.8 ሊትር በሰዓት መጠጣት ደግሞ አይቻልም፤ ሞክሬው ሆዴ ውስጥ እንደ ገንቦ ሲዋልል ሰምቻለሁ። የሚቀረው ላቡን መቀነስ ነው፤ ላብ የሚቀንሰው ደግሞ ፍጥነት ሲቀንስ ነው። በኪሎ ሜትር 40 ሰከንድ ዘግይቼ በዚያው ሙቀት ስለካ ላቤ ወደ 1.4 ሊትር ወረደ። ፍጥነት መቀነስ ለብዙዎቻችን ሽንፈት ይመስለናል። እስቲ ትልልቆቹን ተመልከቱ። በ2007 በቺካጎ፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ባለፈበት፣ ውሃ አጣን የሚሉ ሯጮች በበዙበትና ውድድሩ በመካከል እንዲቆም በተወሰነበት ቀን፣ ብርሃኔ አደሬ ያሸነፈችው በ2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ነው፤ ከዓመት በፊት እዚያው ስታሸንፍ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነበር የፈጀባት። በ2019 የዓለም ሻምፒዮና የዶሃው የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም የእኛ ልጆች ከእነሱ መካከል ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወርቁን ሲወስድ፣ ከራሱ ምርጥ ሰዓት ወደ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ የሮጠውም ሙቀቱን ለመሸሽ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በተጀመረ ውድድር መሆኑን አትርሱ። ሌሊሳ ለሙቀት ስድስት ደቂቃ ከከፈለ፣ እኔ ግማሽ ሰዓት ብከፍል የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

ስለ መጠጡ ደግሞ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በሶ እጠጣለሁ። ከሱቅ የሚገዙት ጣፋጭ መጠጦች ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አፌ ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆኑብኛል። በግማሽ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው እጨምራለሁ። ያ ጨው 1.5 ግራም ያህል ሲሆን ከውስጡ ወደ 600 ሚሊ ግራም የሚጠጋው ሶዲየም ነው። ደም ግፊት ያለባችሁ ግን ጨዉን ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩት። እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ ብዙ አበላሽቻለሁ። አንድ ቀን 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጠርሙሱን ብጨምቀው ብጠባው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ክዳኑን ስፈታው የአተር ፍሬ የምታህል የበሶ እብጠት ቀዳዳዋን ደፍናታለች፤ በጥርሴ አውጥቼ ዋጥኳት። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን በጥሩ ወንፊት ሁለት ጊዜ እነፋለሁ፣ በመጀመሪያ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ እበጠብጠዋለሁ፣ ከዚያ አቅጥኜ በሻይ ማጥለያ አሳልፈዋለሁ። ማታውኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ጠዋት በደንብ እንጠዋለሁ።

ሙቀትን ለመልመድ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሙቀት ውስጥ ቀስ ብሎ መሮጥ ያስፈልጋል። ይህ ለእኔ በበጋው ራሱ ስለተሟላ ብዙ የምለው የለኝም። ከብርድ ወጥታችሁ ሞቃት ከተማ የምትሮጡ ግን ለዚህ ጊዜ ከሌላችሁ ያሰባችሁትን ሰዓት ተዉት።

እሁድ ዕለት በወገቤ ቀበቶ ሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ይዤ ጀመርኩ። ሁለት ሌሎች ደግሞ የሩጫ ጓደኛዬ 24ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ አቀበለኝ። ከየጣቢያው የወሰድኩትን ባዶ ውሃ ግማሹን ጠጣሁ፣ ግማሹን ማጅራቴ ላይ አፈሰስኩ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ኪሎ ሜትሮች ሰው ሁሉ እያለፈኝ ታግሼ ሮጥኩ፤ ከ30ኛው በኋላ ያለፉኝን አንድ በአንድ አገኘኋቸው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት 71.3 ኪሎ ነበርኩ፤ ሆቴል ገብቼ ስመዘን 69.1። ሁለት ኪሎ ከ200 ግራም፣ ከክብደቴ 3 በመቶ ያህል ነው። ብርድ ብርድ አላለኝም፣ ራሴንም አላመመኝም።

ያልፈታሁት ነገር ግን አለ። ከ35ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ በሶው ጠርሙሱ ውስጥ ሞቆ ስለሚወፍር ሆዴ አልቀበለውም አለ፤ የመጨረሻውን ጠርሙስ ግማሽ ደፋሁት። ለመጨረሻው ሰዓት ሌላ ቀጭን መጠጥ ያስፈልገኛል፤ ከእናንተ መካከል የአብሽ ውሃ ወይም የተልባ ውሃ እየሮጠ የሞከረ ካለ ሆዱ እንዴት እንደተቀበለው ይጻፍልኝ። ሌላው የጾሙ ጉዳይ ነው። ለሚመጣው ሚያዝያ ተመዝግቤያለሁ፤ በዐቢይ ጾም ውስጥ የሥራ ቀናቱን ልምምድ ከጠዋት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማለትም ከጾም ፍቺ ሁለት ሰዓት በኋላ አዛውሬዋለሁ። በጥር ብርድ ላቤን ለክቼ ቁጥሩን ከሐምሌው ጋር አስተያይቼ እጽፍላችኋለሁ።