የጓንዡ የሆድ መድኃኒት

በሐምሌ ወደ ቻይናዋ ከተማ ጓንዡ የሄደ ሰው ሙቀቱን ሳይሆን እርጥበቱን ነው የሚያማርረው። ልብስ አይደርቅም፣ ምግብ ቶሎ ይበላሻል። ለዕቃ ግዢ አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጣትና ሲያስመልሳት አደረ። ሲነጋ ያረፍንበት ሺያውቤይ፣ የአፍሪካ ነጋዴ የሚበዛበት ሰፈር፣ አንድ መድኃኒት ቤት ገባን።

ባለሙያዋ እናታችንን የምታክል ሴት ናት። መድኃኒት ከማንሳቷ በፊት በስልኳ እያስተረጎመች ጠየቀች። «ውሃ ውሃ ነው? ያቃጥልሻል? ደም አለው? ትኩሳትስ?» ቀጥላ የጓደኛዬን ምላስ አየች፤ ነጭ፣ ወፈር ያለ ሽፋን ነበረው።

ጥያቄው ለወግ አይደለም። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ተቅማጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «ብርድና እርጥበት» ገባው ለሚሉት፣ ማስመለስ ላለበት ሆድ፣ ሁኦሺያንግ ዠንግጪ የሚባል መድኃኒት ይሰጣሉ። ቀመሩ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በወጣ የመንግሥት የመድኃኒት መጽሐፍ የሰፈረ ነው። ሽታው ኃይለኛ የሆነ የሁኦሺያንግ ቅጠል፣ የቆየ የመንደሪን ልጣጭ፣ የዛፍ ቅርፊትና ሌሎችም አሉበት። ለሚያቃጥልና ትኩሳት ላለበት ተቅማጥ ግን ሌላ ቀመር አለ። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ የጻፈው ነው፤ ጌገን፣ ሁዋንግቺን፣ ሁዋንግሊያንና ጋንጻዎ የሚባሉ የዕፅ ሥሮች ብቻ፣ አራት ነገር።

ሴትየዋ መጀመሪያ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ትንሽ የሁኦሺያንግ ዠንግጪ ጠርሙስ አነሳች። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችውን ሜትሮኒዳዞል የተባለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እየወሰደች መሆኗን ስታሳያት ግን ጠርሙሱን ወዲያው መለሰችው። ፈሳሹ ከ40 እስከ 50 በመቶ አልኮል አለው። ከሜትሮኒዳዞል ጋር ፊት ሊያቀላ፣ ልብ ሊያስመታ፣ ይባስ ሊያስመልስ ይችላል። በምትኩ የዚያኑ መድኃኒት አልኮል የሌለውን ለስላሳ ካፕሱል ሰጠቻት፤ ከሁሉ በፊት ግን ኦአርኤስ በጥብጣ አጠጣቻት። «ደም ካየሽ ሆስፒታል» አለቻት፣ ሁለቴ። ወገኖቼ፣ ይቺን የአልኮል ነገር ያዙልኝ። ከእኛ ሰው ሻንጣ ሜትሮኒዳዞል አይጠፋም።

በማግስቱ ተሽሏት ሩዝ ሾርባ ጠጣች። ካፕሱሉ ነው ያዳናት ብዬ አልምልም፤ እንዲህ ያለ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ይተዋል። እኔን የማረከኝ የባለሙያዋ አጠያየቅ ነው።

ጓደኛዬን አስተኝቼ ሻሚያን ደሴት ፊት ለፊት ወዳለው ቺንግፒንግ የመድኃኒት ገበያ ሄድኩ። ሁዋንግሊያን በጆንያ ተደርድሯል። የተጣመመ፣ ቅርንጫፍ ያለው፣ የዶሮ እግር የሚመስል ሥር ነው። ነጋዴው አንዱን ሰበረልኝ፤ ውስጡ ደማቅ ቢጫ ነው። ምላሴ ላይ ሳስነካው ምሬቱ እስከ ጉሮሮዬ ወረደ። ያ ቢጫ በርቤሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በክኒን ተደርጎም በቻይና መድኃኒት ቤቶች ለተቅማጥ በርካሽ ይሸጣል። ሰውዬው ጥሩው የሚመጣው ከቾንግቺንግ፣ ከሺዡ ነው እያለ በግራም መመዘን ጀመረ።