የአያቴ ስም በአንካራ

ጳጉሜ ገብታም ደብረ ብርሃን ጭጋጉ አልገፈፈም። ከቤት አልወጣሁም። የአጎቴ ልጅ ሻንጣውን ዘርግቶ በሶ እየጠቀጠቀ ነው፤ እናቱ አጠገቡ ቆማ «ጨምር፣ እዚያ ማን አለህ?» ትለዋለች። ሐሙስ ይበራል። ቱርክ ነው የሚሄደው፣ እኔ ወደተማርኩበት ከተማ። እሱ ደስታው ከፊቱ አልጠፋም። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይለኛል።

በሶው ነው መሰለኝ። መስከረም 2010 ስንሄድ ስድስት ነበርን፣ አራታችን በሶ ይዘናል። የአንዱ ፌስታል ሻንጣው ውስጥ ተቀደደና ሱሪው፣ ካልሲው፣ የትምህርት ማስረጃው ሳይቀር በሶ ለበሰ። ፈታሹ በጣቱ ነካ አደረገና ቀና ብሎ አየን። የምናስረዳበት ቋንቋ የለንም። አንዷ ልጅ ቀልጠፍ ብላ ቆንጠር አደረገችና አፏ ውስጥ ጨመረችው። ሰውየው ሳቀ። አለፍን።

ብርድ ነው ተብለን ጋቢና ወፍራም ጃኬት ደርበን ነበር የወረድነው፣ ለካ መስከረም ላይ አንካራ ይሞቃል። ለነገሩ እኛ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ነው የመጣነው፣ አንካራ 900 አካባቢ ናት። ምግቡንም ፈርተን ነበር። ቡልጉር የሚሉት ቀረበልን፣ ቀመስነው፣ ቅንጬ! አይራን ደግሞ እርጎ በውሃና በጨው የተበጠበጠ ነው፤ የመንዙ ልጅ ገና አንዴ ፉት እንዳለ «አሬራ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ረቡዕና አርብን በምስር ሾርባ ተወጣናቸው።

የሰዓቱ ነገር ነው ያሳዘነኝ። የአንካራና የእኛ ሰዓት በደቂቃ እንኳን አይለያይም፣ ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሰዓቷን በየወቅቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማድረግ ትታለች። እዚያ የቆየ አንድ ሐበሻ «ነገ 9 ሰዓት በሩ ላይ ጠብቁኝ» ብሎ በአማርኛ ጻፈልን። እኛ ከምሳ በኋላ ተዘገጃጅተን ሄድን። እሱ ያለው የእነሱን 9 ነበር፣ የእኛን 3 ሰዓት ጠዋት። ከሥራው አስፈቅዶ፣ ያለ ቁርስ፣ እኛን ሲጠብቅ አርፍዶ ሄዷል። አንድም ቀን አልወቀሰንም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

በማግስቱ ለመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ያዝን። አንዲት ሴት ስም ትጠራለች። አንድ ስም ጠራች፣ ማንም አልተነሳም። ደገመች። የማውቀው ስም ነው፣ ግን የእኔ አይደለም። በሦስተኛው ነው ክው ያልኩት፤ የአያቴ ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የእሳቸው ነው።

አያቴ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነስተው በግ እየነዱ ደብረ ብርሃን ድረስ ይመጡ ነበር። ከዚያ ወዲያ የት ሄደዋል? አዲስ አበባ አንዴ፣ ለሕክምና። እኛ አገር የአያት ስም ከመታወቂያና ከፈተና ወረቀት ሌላ የሚያነሳው የለም። እዚያ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሆስፒታሉም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ባንኩም የጠራኝ በእሳቸው ስም ነው። ቱርኮቹ ራሳቸው የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። አያቴ ያኔ መንዝ ላይ ጠቦት የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ አረፉ። በስልክ ስናወራ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ እንጂ ይህን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ምን ይሉ ነበር?

የአጎቴ ልጅ ሻንጣውን ዘጋ። የእሱም ፓስፖርት ላይ ያው ስም ነው ያለው፣ አያታችን አንድ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የሆነ ኮሪደር ላይ ያ ስም ሲጠራ ይሰማዋል። አሁን ልንገረው? ወይስ እንደ እኔ እዚያው ድንገት ይስማው?