ማዳበሪያው በግንቦት፣ ዋጋው በታኅሣሥ

ታላቅ ወንድሜ ጎጃም፣ ሜጫ አርሶ ይኖራል፤ እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ የሰው ሒሳብ በመሥራት እተዳደራለሁ። ሚያዝያ በገባ ቁጥር ይደውልልኝና የመጪውን ክረምት እርሻ አብረን እናሰላለን። ሙያዬ ሒሳብ ሆኖ እንኳ ከዚህ የሚከብድ ስሌት በዓመት ውስጥ አይገጥመኝም። ወጪው በግንቦትና በሰኔ ወጥቶ ያልቃል፤ እህሉ በስንት እንደሚሸጥ ግን የሚታወቀው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በመካከሉ ያሉት ወራት በሙሉ፣ ዋጋውን ሳያውቅ ገንዘቡን አፈር ውስጥ የቀበረ ሰው ወራት ናቸው።

ወንድሜ በብር አያሰላም። የእሱ ጥያቄ «አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል በቆሎ ልሽጥ?» የሚል ነው፤ እኔም የገንዘብ ዋጋ በየዓመቱ በሚሸረሸርበት አገር ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ለሄክታር በቆሎ ኤንፒኤስና ዩሪያ ከሚባሉት ማዳበሪያዎች ሁለት ሁለት ኩንታል፣ እንዲሁም 25 ኪሎ ምርጥ ዘር ያስፈልጋል እንበል። ለስሌት ያህል ይህ ሁሉ በግንቦት ዋጋ አሥር ኩንታል በቆሎ ያህል ያወጣል፤ የሚያስገኘው ተጨማሪ ምርት ደግሞ ሃያ ኩንታል ይሆናል ብለን እንነሣ። አሥር ኩንታል ተረፈ ማለት ነው። የበቆሎ ዋጋ ታኅሣሥ ላይ በግማሽ ከወረደ ግን ያው ወጪ ሃያ ኩንታል ይሆናል፤ ዝናቡ ሳይዛባ፣ ተምች ሳይገባ፣ ሰውየው አንዳች ሳያጠፋ ትርፉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ዋጋው ከዚያም በታች ከወረደ ጉድለቱ የሚሞላው ለቀለብ ከተቀመጠው ነው። የግብርና ባለሙያዎች ማዳበሪያ አዋጭ ነው ሲሉ በአማካይ ዓመት ትክክል ናቸው፤ ወንድሜ ግን የሚፈራው አማካዩን ሳይሆን በሬ የሚያሸጠውን አንዱን ዓመት ነው።

የወጪው በኩል ከእሱ እጅ ፈጽሞ የወጣ ነገር ነው። አገራችን የምትጠቀምበት ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ ሜጫ ላይ የሚሰማው ዋጋ የሚጀምረው ከጥቁር ባሕርና ከባሕረ ሰላጤው ወደቦች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ቶን ዩሪያ በዓለም ገበያ ከ250 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፣ በኤፕሪል 2022፣ ከ900 ዶላር በላይ ደረሰ። ዓለም አቀፉ ዋጋ ሲረጋጋ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መንግሥት ከማዳበሪያው ዋጋ የተወሰነውን ቢደጉምም፣ ገበሬው የሚያውቀው ድጎማውን ሳይሆን መጋዘን በር ላይ የሚከፍለውን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን አሠራሩ ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ «ለመጪው ዓመት ስንት ኩንታል ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚመዘግበው ከወራት በፊት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዋጋው ገና የለም። ዋጋውን ያልነገሩትን ዕቃ ስንት እንደሚገዛ የሚጠየቅ ሌላ ደንበኛ አላውቅም። ፍላጎት ተብሎ የሚመዘገበው ቁጥር ግምት እንጂ ፍላጎት አይደለም። ዋጋው በሚታወቅበት ወቅት ደግሞ ዕቃው የሚጠፋበት ዓመት አለ፤ በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ማዳበሪያ በጠፋ ጊዜ ገበሬዎች አቤት ለማለት ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ነበር።

የእህሉ በኩል ሌላ ታሪክ አለው። በቆሎ ከሌሎች ሰብሎች ይልቅ ዋጋው እንዲህ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ መንገዱ ነው። ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር እህል ለማስገባት የሚወጣው የትራንስፖርት ወጪ ከፍተኛ ስለሆነ የአገር ውስጡ ዋጋ እጅግ ካልናረ ነጋዴ ከውጭ አያስገባም፤ ወደ ውጭ ለማውጣትም ያው ወጪ ስላለ ዋጋው እጅግ ካልወደቀ የሚያወጣ አይኖርም። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ሁሉ ዋጋው እንደ ልቡ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነው። በዚያ ላይ ለገበያ የሚቀርበው በቆሎ ከጠቅላላው ምርት ትንሹ ክፍል በመሆኑ፣ ምርት በጥቂቱ ሲጨምር ገበያው በብዙ ይሞላል።

ይህ በተግባር የታየው በ1994 ዓ.ም. ነው። በተከታታይ ሁለት ዓመት ጥሩ ዝናብ ዘነበ፤ መንግሥት ለገበሬው ምክርና ግብዓት የሚያቀርብበት የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያስፋፋው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም ውጤት አሳየ፤ የበቆሎ ዋጋ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረበት ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ። የማሳጨጃና የማጓጓዣ ወጪውን ስላልሸፈነ እህሉን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር። አባታችን ማዳበሪያውን የወሰዱት በዱቤ ነበርና ዕዳው የሚከፈልበት ጊዜ የደረሰው ልክ ዋጋው በወደቀበት ወር ነው። በተከታዩ ክረምት ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ግዥውን ቀነሰ፤ በዚያው ክረምት ዝናቡ ቀረና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የረኃቡ ዋና ምክንያት ድርቁ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ጎተራ ሞልቶ የከሰረ ገበሬ በማግሥቱ በሙሉ ልብ እንዲዘራ መጠበቅ አይቻልም፤ የአባታችንን ሁኔታ ያየ ወንድሜም እስከ ዛሬ ማሳውን በሙሉ በቆሎ ሸፍኖት አያውቅም።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ጤፍ ይዘራል። በሄክታር የሚሰጠው ምርት ከበቆሎ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ አረሙ፣ አጨዳው፣ ውቂያው ጉልበት ይጨርሳል። ነገር ግን ጤፍ ነቀዝ አያውቀውም፣ ከተማውም ሁልጊዜ ይፈልገዋል። በቆሎ በሞቃትና በእርጥብ አየር ከጥቂት ወራት በላይ ያለ መድኃኒት ስለማይቆይ ገበሬው በጥርና በየካቲት ርካሽ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ጤፉ ግን ጎተራ ውስጥ ሆኖ ሐምሌን ይጠብቃል። ለወንድሜ ጤፍ የባንክ ደብተሩ ነው። ይህን «ባህላዊ አስተራረስ» እያሉ የሚያልፉት ሰዎች አንድ ቀን ከእሱ ጋር ቁጭ ብለው ቢያሰሉ ደስ ይለኛል።

ማዳበሪያውንም ያሳሳዋል። የተመከረውን መጠን በግማሽ ማሳ ላይ ከማዋል ይልቅ ግማሹን መጠን በሙሉ ማሳው ላይ ይበትናል። በባለሙያው ዓይን ይህ ምክር አለመስማት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ኪሎ ከመጨረሻው ኪሎ የበለጠ ምርት እንደሚያስገኝ ስለሚታወቅ፣ ገንዘብ ሲያጥር ማሳሳቱ ስሌት የሌለው ነገር አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የኖራው ጉዳይ ነው። የእኛ አካባቢ ቀይ አፈር በአሲድ የተጠቃ ነው፤ ኖራ ካልተጨመረበት ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አፈሩ ራሱ ይይዘዋልና በውድ የተገዛው ማዳበሪያ ግማሽ ሥራ ብቻ ይሠራል። ኖራ በሄክታር በኩንታል ሳይሆን በቶን የሚለካ፣ ጥቅሙም ለበርካታ ዓመታት የሚዘልቅ ነገር ነው። ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ዋጋ መተማመኛ የሌለው ሰው ለአራትና ለአምስት ዓመት በሚከፍል ነገር ላይ ገንዘቡን አያውልም። በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈሉ፣ የሚያርሱትን መሬትማ ኖራ የሚያለብሰው ማን ነው? ባለመሬቷ ባልቴት አቅም የላቸውም፤ አራሹ ከርሞ መሬቱ ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ማዳበሪያ በተወደደ ቁጥር ደግሞ የእኩሉ ውል ራሱ ይናጋል፤ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ክርክር በየመንደሩ ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ ስሌት ጨርሶ የወጡም አሉ። በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ብዙ ገበሬዎች የጤፍ ማሳቸውን ዲከረንስ የተባለ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ተክለውበት ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰል አድርገው ይሸጡታል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ የለም፣ አረም የለም፣ ዛፉም ዋጋ ሲወርድ ሳይቆረጥ ይጠብቃል። ለጥቂት ጊዜ እኔም ለወንድሜ ይህንኑ አንሥቼለት ነበር፤ «ልጆቼ ከሰል አይበሉም» ብሎ ዘጋው። በኋላ ዛፉን የዝገት በሽታ ሲመታው የብዙ ሰው ተስፋ አብሮ ደረቀ፤ እሱ ግን አንድም ቀን «አላልኩህም?» አላለኝም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመነሻዎቹ አንዱ ያ የ1994ቱ የበቆሎ ውድቀት ነበር። ገበያው በቡናና በሰሊጥ ሥራውን ሠርቷል፤ በቆሎው ግን እስከ ዛሬ በኢሱዙ መጥቶ ሚዛን ከሚዘረጋው ነጋዴ እጅ አልወጣም። ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ደግሞ ያም ነጋዴ አይመጣም፤ ጎረቤት ወረዳ ሌላ ዋጋ፣ እዚህ ሌላ ዋጋ ይሆናል። እኔን ቢጠይቁኝ ከትልልቁ ሐሳብ በፊት አንድ ትንሽ ነገር አስቀድም ነበር፤ ዱቤም ሆነ ግብር የሚከፈልበትን ጊዜ ከአጨዳው ወር ወደ ግንቦት ማራቅ። ሁሉም በአንድ ወር እንዲሸጥ እያስገደዱ ዋጋ ወረደ ብሎ መደነቅ ምን ይባላል?

ዘንድሮ ስድስቱን ጥማድ (አንድ ሄክታር ተኩል ገደማ) እንዲህ ከፈልነው፦ ሦስቱ በቆሎ፣ ሁለቱ ጤፍ፣ አንዱ አምና በቆሎ ስለነበር አፈሩ እንዲያርፍ ግብጦ። ለበቆሎው ኤንፒኤሱን ከነዘሩ ገዝቷል። ዩሪያው የሚጨመረው ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ዝናቡንም የገበያውንም ወሬ ያያል፤ ዝናቡ ከያዘና ዋጋው ካልወረደ ሙሉውን ይሰጠዋል፣ ካልሆነ በግማሹ ይተወዋል። መጠበቁ ትርፍ አለው፤ የገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን ያለው ዩሪያ እስከዚያ ማለቁ ግን አይቀርም ብለን ስለጠረጠርን አንዱን ኩንታል ዛሬ እንዲወስድ ብሩን ልኬለታለሁ። የቀረውን በሐምሌ እናየዋለን።