ላጲስ ከክፍሌ ለምን ወጣ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብና ሳይንስ በተግባር አስተምራለሁ ለሚል መምህር ምክር ሞልቷል። ዕቃ አዘጋጅ፣ ግሩፕ ክፈል፣ ሰዓት ጠብቅ ይሉታል። ይሄ ከባድ አይደለም። ከባዱን ግን ማንም አልነገረኝም። ልጆቹ ያገኙት ቁጥር መጽሐፉ ከሚለው ጋር አልገጥም ሲል ምን ይደረጋል?

ዝግጅቱን ባጭሩ ልለፈው። ሲባጎ፣ ማስመሪያ፣ ፕላስተር፣ የብሎን ሮንዴላና ሰዓት የሚቆጥር ስልክ ይበቃሉ። ግሩፑ ከሦስት ሰው አይብለጥ። እኔ የተሰጠኝ መመሪያ አምስት ስድስት ይል ነበር፤ አትስሙት። አራተኛው ልጅ ተመልካች ይሆናል፣ አምስተኛው ወሬ ይጀምራል።

በፓይ ጀመርን፤ የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚመጣው 3.14 ገደማ የሆነው ቁጥር ማለት ነው። ጥሩ ሄደ። ልጆቹ ክዳን፣ ባልዲ፣ የብስክሌት ጎማ፣ ያገኙትን ክብ ነገር ሁሉ ዙሪያውን በሲባጎ ለክተው ለዲያሜትሩ አካፈሉት። 3.1 መጣ፣ 3.2 መጣ፣ አንዳንዱ ጋ 3.0 መጣ። «ጎማውም እንደ ክዳኑ?» ብላ አላምን ያለች ልጅ ሁለቱንም እንደገና ለካች። ሲባጎው የሚለጠጥ ከሆነ ግን ቁጥሩ ይበላሻል፤ የማይለጠጥ ምረጡ።

ጉዱ የመጣው ፔንዱለም ላይ ነው፤ በክር ተሰቅሎ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ክብደት ላይ።

ጥያቄው ቀላል ነው። ፔንዱለም አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚወስነው ክብደቱ ነው ወይስ ርዝመቱ? ከጋሊሊዮ ዘመን ጀምሮ መልሱ ይታወቃል። ውዝዋዜው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ክብደት ለውጥ አያመጣም፤ ወሳኙ ርዝመቱ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሰከንድ ያህል፣ 1 ሜትር ከሆነ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነውና። ስኩዌር ሩት ምን ይሠራል ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። አለካኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ አሥር ደርሶ መልስ ይቁጠሩና ለአሥር ያካፍሉ። አንዱን ብቻ ከለኩ የጣት መዘግየት ሁሉን ያበላሸዋል።

የዚያን ቀን ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብተው ነበር። አንዱ ግሩፕ በ40 ሳንቲ ሜትር ክር አንድ ሮንዴላ ሰቅሎ አሥሩን ደርሶ መልስ በ12.7 ሰከንድ ጨረሰ። አምስት ሮንዴላ ሲሰቅል 13.6 ሆነበት። ደገሙት፤ ያው ነው። «ቲቸር፣ ከባዱ ይዘገያል!» አሉኝ።

ምክንያቱ ከቆምኩበት ይታየኛል። ሮንዴላዎቹን በቀጭን ሽቦ እያያያዙ አንዱን ካንዱ ሥር እንደ ሰንሰለት አንጠልጥለዋቸዋል። የፔንዱለም ርዝመት ደግሞ የክሩ ብቻ አይደለም፤ ከተሰቀለበት ነጥብ እስከ ክብደቱ መሃል ነው የሚለካው። አምስት ሮንዴላ ወደ ታች ሲደረደር መሃሉ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፣ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ። 40 የነበረው 46 ሆኗል ማለት ነው። ልጆቹ በትክክል ነው የለኩት። ያ ቁጥር ወርቅ ነበር። «እስቲ ጎንበስ በሉና ከጎን እዩት» ልላቸው ስጠጋ ሱፐርቫይዘሩ ቀደሙኝ።

«ክብደት ለውጥ እንደማያመጣ መጽሐፋችሁ ላይ ተጽፏል። አጥፉና አስተካክሉ» አሏቸው።

ልጆቹም አጠፉ። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ 13.6ን በላጲስ ፈገፈጉትና በላዩ ላይ 12.7 ጻፉበት። ኋላ የተሰጠኝ ግምገማ ላይ «ተማሪዎች በተሳሳተ ውጤት ላይ ጊዜ አባክነዋል» ይላል። ውጤቱ እንዳልተሳሳተ ባስረዳም «ክፍለ ጊዜው አጭር ነው» ተባልኩ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ግምገማውንስ እችለዋለሁ። የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ቀጥሎ ክብደት በጨመርን ቁጥር ሞላ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ስንለካ ከሁሉም ግሩፕ የመጣው ቁጥር አንድ ዓይነት ነበር። 2፣ 4፣ 6፣ 8 ሳንቲ ሜትር፤ አንዲት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ያለ የለም። እውነተኛ ሞላ በልጅ እጅ ሲለካ እንዲህ አይወጣም። ስጠይቃቸው «መጽሐፉ እኩል እኩል ይጨምራል ስለሚል» አሉኝ። መለካት ትተዋል። ተምረዋል እኮ፤ ቁጥር ከዕቃው ሳይሆን ከመጽሐፉ እንደሚመጣ ተምረዋል።

ስለዚህ ላጲስ ከክፍሌ ወጣ። የልኬት ደብተር በእስክሪብቶ ብቻ ይጻፋል። የተጠራጠሩት ቁጥር ላይ አንድ ስስ መስመር ይሰመርበታል፤ ሥሩ ያለው መነበብ አለበት። የትምህርት ዕቅድ ቅጹ «ዓላማውን በመጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ጻፍ» ይላል፤ እኔ አልጽፍም። «ክብደት ለውጥ አያመጣም» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ምን ሊለኩ ነው? ጥያቄውን ብቻ እጽፋለሁ፣ ከመንካታቸው በፊት ግምታቸውን ያሰፍራሉ። ለሚገመግም እንግዳም በሩ ላይ አስቀድሜ እነግራለሁ፤ እባክዎ መልስ አይንገሩልኝ። ቅር የሚላቸው አሉ። ይበላቸው።

ፔንዱለሙንም መልሼ አመጣሁት። ያ ግሩፕ ሰንሰለቱን እንደበፊቱ ሰቀለና በዚህኛው ዙር ከላይ እስከ መሃሉ ለካ። ቀጥሎ አምስቱንም ሮንዴላ አንድ መንጠቆ ላይ አደረጉት። 12.7 መጣ። ላጲሱን ይዞ የነበረው ልጅ ዞር ብሎ «ያኔ የጻፍነው ልክ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። አዎ፣ ልክ ነበር አልኩት፤ 13.6ንም ክፍሉ ሁሉ እያየ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። በማስተማር ሕይወቴ እንደዚያች ቁጥር የኮራሁበት ነገር ጥቂት ነው።

አሁን ሮንዴላው እንዴት እንደሚሰቀል አልናገርም። አንዳንዱ በሰንሰለት ይሰቅላል፣ ሌላው በአንድ መንጠቆ። ውጤቶቹ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሲወጡ ክርክሩን ራሳቸው ይጀምሩታል። ለዚህ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። ዕቅዱ አንድ ብቻ ከሰጣችሁ ከሌላ ቦታ ቀንሱ፤ እኔ የምቀንሰው ማስታወሻ ከማስገልበጫው ሰዓት ነው።