የረቡዕ ብስኩት

አውሮፕላናችን ጎንደር፣ አዘዞ ሲያርፍ ገና ጠዋት ነበር። ከአዲስ አበባ ካቶሊክ ቁምስናችን (አጥቢያችን) አራት ሆነን ነው የመጣነው። ሐሳባችን አንድ ሳምንት ከጎንደር ካቶሊካውያን ጋር ሆነን ከቤት የማይወጡ በሽተኞችንና አረጋውያንን መጠየቅ ነው። ካቶሊክ የሆኑት አፄ ሱስንዮስ የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እዚሁ አዘዞ መሆኑን ሳስብ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ልቤ ትንሽ ፈራ።

ጎንደር ላይ ካቶሊክ ነኝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለውን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1603 የገባው ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ ነበር የኖረው። በ1625 የመጣው ካቶሊካዊ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት ይቀበሉ አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በእኔ እምነት ያን ሁሉ ያበላሸው ማዘዝ ነው። ቁስሉ በእኛም በኩል አለ። የጎንደር ሊቅ የነበሩት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆናቸው ታስረው፣ በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ነው ያረፉት።

ቁምስናው ትንሽ ነው። ቅዳሴው በግዕዝ ነው፤ ከበሮውም ጸናጽሉም አለ። ቆሞሱ (የቁምስናው መሪ ካህን) ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡን፦ «መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ስለ ሃይማኖት የምታወሩት ከጠየቋችሁ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በባጃጅ ወደ ቅዳሜ ገበያ አቅጣጫ ሄድን። የመራችን አንዲት የቁምስናው እናት ናቸው። የገባንበት ቤት አንድ ክፍል ነው። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። ኦርቶዶክስ ናቸው። ሳሙናና አንድ ፓኬት ብስኩት ሰጠናቸው። ተቀብለው መረቁን፤ ብስኩቱን ግን ገልበጥ አድርገው አዩና፣

«ልጆቼ፣ ወተት አለው እንዴ?» አሉ።

ወተትም ቅቤም አለበት። ስንገዛ ቀኑን አላሰብንም። መሬት ብትከፈት በገባሁ አልኩ። እሳቸው ግን ፓኬቱን ቀስ አድርገው ከትራሳቸው ሥር ከተው፣ «ለነገ ይሆነኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

መሪያችን ምንም አላሉም። ከዘንቢላቸው ሽሮና ዘይት አውጥተው ጥግ ላይ አስቀመጡ። ከሰል አቀጣጥለው ውሃ አሞቁ። ከዚያ ተንበርክከው የአሮጊቷን እግር በሳፋ ውስጥ አጠቡ፤ በእያንዳንዱ ጣት መሃል እየገቡ፣ ሳይቸኩሉ። ጥፍራቸውን ቆረጡላቸው። ተረከዛቸው ላይ ቫዝሊን ሲቀቡ አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይህን ሲያደርጉ ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ኧረ ማን ቆጥሮት!» አሉኝ። ሐዋርያዊ ሥራ ሲባል ስንት ሰው ተጠመቀ ብለን የምንጠይቅ ሰዎች ይህን ቤት ብናየው እላለሁ።

ጎረቤት ቡና ይዛ ገባች። በሁለተኛው ላይ አሮጊቷ ቀና አሉ።

«ለመሆኑ እናንተ የማን ናችሁ?»

«ካቶሊኮች ነን፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ሲኒው እጃቸው ላይ ቆየ። ጎረቤቷም ወደኛ አየች።

«እመቤታችንን ትወዷታላችሁ?»

«እንዴታ!»

«በሉ እንግዲያ» ብለው እሳቸው ራሳቸው «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመሩ። ተከተልናቸው። በግዕዝ አብረን ስንዘልቀው ገርሟቸው መሃል ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዳምጡን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሃይማኖት ማንም አላነሳም። የወሬው ሁሉ ርእስ የጤፍ ዋጋና ሱዳን የቀረው ልጃቸው ሆነ።

በማግስቱ ሐሙስ ሳንቀጠር ተመለስን። ፓኬቱ እንደታሸገ ከትራሱ ሥር ነበር።

«ለምን አልበሉትም?» አልኳቸው።

«ብቻዬን? ትመጣላችሁ ብዬ ነዋ!» አሉና፣ ጥርሳቸው ስለማይችለው እንድከፍትላቸው ዘረጉልኝ። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት አድርገው ቆጥረው ሰጡን። የጎረቤቷንም ድርሻ ለይተው በሲኒ ማስቀመጫው ላይ አኖሩት።