ከመባው በፊት፦ ከተራራው ስብከት ጋር የቆየሁባቸው ወራት

ባለፈው ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን በአሥራ ሁለት ወራት አንብቤ ለመጨረስ አቅጄ ነበር። በ66ቱ መጻሕፍት አቆጣጠር 1,189 ምዕራፎች ስላሉ፣ ዕቅዱ በየቀኑ ሦስት ወይም አራት ምዕራፍ ማንበብን ይጠይቃል። ለአራት ወራት ያህል ሳላቋርጥ አነበብኩ፤ ነገር ግን ጠዋት ያነበብኩትን ማታ ማስታወስ ያቅተኝ ነበር፤ በሥራም ሆነ በቤት ያለው ጠባዬም ከቀድሞው በምንም አልተለየም። ይህን የምለው ብዙ ማንበብን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔን ግን የዕለቱን ድርሻ የመጨረስ ጉጉት ቃሉን ከመስማት አዘናጋኝ።

ስለዚህ በማቴዎስ ወንጌል ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ወደሚገኘው የተራራው ስብከት ዞርኩ። ሦስቱ ምዕራፎች በአንድነት 111 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። በየሳምንቱ መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አነባለሁ፤ ከዚያም አንድ ትእዛዝ መርጬ ሳምንቱን ከእርሱ ጋር እቆያለሁ፤ ማታ ማታም የፈጸምኩበትን ወይም የተላለፍኩበትን አንድ አጋጣሚ በደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። «ዛሬ ትዕግሥት አልነበረኝም» ብሎ መጻፍ ምንም እንደማይጠቅም ቶሎ ገባኝ። ለማን፣ በምን ሰዓት፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ መጻፍ ስጀምር ግን ቁጣዬ ዘወትር የሚቀሰቀሰው ያልጨረስኩት ሥራ የት እንደደረሰ ስጠየቅ መሆኑን ደረስኩበት።

ንግግራችሁ አዎን አዎን፣ ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የሚለው ትእዛዝ (5፥37) ከመሐላ ጋር ብቻ የተያያዘ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሳምንት የሰጠሁትን እያንዳንዱን ቃል ስመዘግብ ከሁሉ ይልቅ ያላከበርኩት ቃል «እጸልይልሃለሁ» የሚለው ሆኖ አገኘሁት። ለታመመ፣ ለተቸገረ፣ ለፈተና ለሚዘጋጅ ሁሉ ይህን እላለሁ፤ ዘወር ስል ግን እረሳዋለሁ። አሁን የሰውየውን ስም ወዲያው እጽፋለሁ፤ ለማስታወስ እርግጠኛ ካልሆንኩም በዚያው ቅጽበት ባጭሩ እጸልያለሁ። ቀላል ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ካደረግኳቸው ሁሉ ሳይቋረጥ የዘለቀው ይህ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ 5፥23–24 ነው። መባህን ይዘህ በመሠዊያው ፊት ሳለህ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ፣ መባህን በዚያው ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ ይላል። ይህን ክፍል ለብዙ ዓመታት አውቀው ነበር፤ ሁልጊዜም የበደሉኝን ሰዎች እያሰብኩ ነበር የማነበው። ቃሉ ግን አንተ በእርሱ ላይ ምን አለህ አይልም፤ እርሱ በአንተ ላይ ምን አለው ነው የሚለው። በዳይን ይቅር ማለት በሌላ ቦታ ተነግሯል፤ እዚህ ግን ጉዞው የእኔ፣ በደሉም የእኔ ሊሆን ይችላል። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ በእኔ ያዘኑ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎችን ስም ስጽፍ አራት ሆኑ።

የመጀመሪያው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እርሱ የደከመበትን ሥራ በስብሰባ ላይ የራሴ አስመስዬ አቅርቤ ነበር። ላናግረው ስዘጋጅ የጻፍኩት ንግግር በማብራሪያ የተሞላ ነበር፦ ጊዜ አጥሮኝ እንደነበረ፣ ጫናው እንደበዛብኝ፣ አስቤበት እንዳላደረግኩት። ማብራሪያውን ሁሉ ሰረዝኩና «ሥራው የአንተ ነበር፤ የእኔ ነው አልኩ፤ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» የሚለውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ነገሩን እንዳልረሳው፣ ይቅርታዬንም ለመቀበል ጊዜ እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ስመለስ አዘንኩ፤ በኋላ ግን የጠበቅኩት እርቅን ሳይሆን የራሴን እፎይታ እንደነበር አስተዋልኩ። ሁለተኛዋ የቅርብ ዘመዴ ነበረች፤ ከእርሷ ጋር በአንድ ምሽት ተነጋግረን ታረቅን።

ከዚህ በኋላ የጌታ ጸሎት ራሱ በሌላ ዓይን ታየኝ። «አባታችን ሆይ» ከሚለው ጀምሮ ስለ ራሳችን የምንለው ሁሉ በብዙ ቁጥር ነው፤ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ስጸልይ እንኳ «በደላችንን ይቅር በለን» እላለሁ እንጂ «በደሌን» አልልም። ጸሎቱ እንዳለቀም በ6፥14–15 ጌታ ከልመናዎቹ መካከል ወደ አንዱ ብቻ ተመልሶ ያብራራል፤ እርሱም ይቅርታ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ሰዎች የአንዱን ስም ሳላነሣ ይህን ጸሎት አልፈጽምም።

በዚህ ሳምንት ያለሁት በ7፥1–5 ላይ፣ በወንድም ዓይን ስላለው ጉድፍና በራስ ዓይን ስላለው ምሰሶ በሚናገረው ክፍል ነው፤ በደብተሬም ሰው በሌለበት ስለ እርሱ የተናገርኩትን እመዘግባለሁ። የሥራ ባልደረባዬ እስካሁን አልደወለልኝም፤ እኔም አላስቸኮልኩትም። ከስም ዝርዝሩ የሦስተኛውን ሰው ስልክ ቁጥር ግን ትናንት አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት እደውልለታለሁ።